በልጄ ድምፅ የተማርኩት

ገንዳ ውሃ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእመቤት ደረበ
ኪጋሊ

እሙዬ፣ ሆዴ፣

እንዴት ነሽ? በዚያ በተራራው አገር ብርዱ አልጠናብሽም? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ ከጥቅምት ወዲህ ረገብ ብሎልናል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ወደ መጋዘን እየገባ ስለሆነ ትራክተሩ ከጠዋት ጀምሮ ተጎታቹን እያንገጫገጨ በበራችን ሲያልፍ ይውላል። ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹም፣ ሥራ ጨርሰው ወደየአገራቸው እየተመለሱ ነው፤ መናኸሪያው በጎጃምና በወሎ አነጋገር ተሞልቷል። ጎረቤታችን አሰበችም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ ሙሉ ጤነኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ማንም አልጻፈልኝም። በስምንት ዓመቴ ኩፍኝ ዓይኔን ከወሰደው ወዲህ ደብዳቤዬ ሁሉ በሰው እጅ ተጽፎ፣ የመጣልኝም በሰው አፍ ሲነበብልኝ ኖሯል። ብሬሉን ጥሩ አድርጌ ብጽፍም ከእኔ ቢጤ በቀር ማን ያነበዋል? ይህን ግን ፊደል በፊደል በራሴ ጣት ጽፌዋለሁ። ዛሬ ቅዳሜም እሑድም ባይሆን ፈቃድ ጠይቄ ቤት ቀርቻለሁ፤ አሰበች ገበያ ሄዳለች፤ በሩ ተዘግቷል። በእኔና በአንቺ መካከል ማንም የለም።

እንዲህ የተዘጋጀሁት ባለፈው እሑድ በስልክ ባልሽኝ ነገር ነው። «እማዬ፣ ሥራዬን ለቅቄ ገና ሳይደርስ እመጣለሁ፤ ከእንግዲህ ብቻሽን አልተውሽም» አልሽኝ። አሰበች አጠገቤ ቡና እየለቀመች ስለነበር «እሺ፣ እናያለን» ብዬ ዘጋሁት። መልሴ ያ አይደለም። መልሴ ይህ ነው፤ ረዘም ይላልና ተቀምጠሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ውሸቴን ልናዘዝ። በደወልሽ ቁጥር «ሥራ እንዴት ነው?» ስትይኝ «ስልኩ ፋታ አልሰጠኝም» እልሽ ነበር። እሙዬ፣ የስልክ ማዞሪያው ከተነቀለ በጥር ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ሁሉም ሰው ሞባይል ይዞ በመደበኛው መስመር ማን ይደውላል? መጨረሻ ላይ በሳምንት አንድ ጥሪ፣ እሱም ተሳስቶ የገባ። ከዚያ አንድ ሰኞ ስሜነህ መጣ። ስሜነህን አንቺ አታውቂውም፤ ከሄድሽ በኋላ በግብርና መሥሪያ ቤታችን የተቀጠረ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ማተሚያ ሲበላሽ ጠግኖ የሚያስነሣው እሱ ነው። «እትዬ አየሁሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሽኑን ንቀል ተብዬ ነው» አለኝ። ድምፁ መሬት መሬት ያያል። «ንቀለው ልጄ፣ አንተ ምን አደረግህ» አልኩት።

ከሥራ አላስወጡኝም፤ ደመወዜም አልተቋረጠም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት «ሄሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?» ያለ ሰው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሰዓት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም። ሰው በበሩ ሲያልፍ ጫማውን ያቀላል፤ እንዳልሰማው። እኔ ደግሞ የሁሉንም ጫማ አውቃለሁ። ይህን ብነግርሽ በማግሥቱ አውሮፕላን ላይ እንደምትወጪ ስለማውቅ ዋሸሁሽ።

እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። ከዚያ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፤ ድምፅሽ በሳምንት ይደርሰኝ የነበረው በወር፣ አንዳንዴም በሁለት ወር ሆነ። በ2016 መስከረም፣ ከመስቀል ማግሥት፣ ቁም ሳጥን ስጠርግ በነጠላ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት አሮጌው ላፕቶፕሽ እጄ ላይ መጣ። ስትሄጂ «እማዬ፣ የሚናገር አድርጌልሻለሁ፤ መዝሙረ ዳዊት ታዳምጪበታለሽ» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ተናድጄ ነበር መሰለኝ፣ አልከፈትኩትም። በዚያ ቀን በነጠላው ውስጥ እንዳለ ደረቴ ላይ ይዤው ወደ ሥራ ሄድኩና «ስሜነህ፣ ይህ ዕቃ በሕይወት አለ?» አልኩት።

ነበረ። ስሜነህ ውስጡን ሲያገላብጥ «እትዬ፣ የድምፅ ቅጂዎች አሉበት፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ‹ለታንጉት› ይላል» አለኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን ነካው። የአንቺ ድምፅ በክፍሉ ሞላ።

«ታንጉቴ፣ አትፍሪ። ይህ ቋንቋ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ሌሎቹን ይህን አድርግ፣ ያን አድርግ እያልሽ ታዢያቸዋለሽ። ይህንን ግን ትጠይቂዋለሽ፤ እሱ ይመልስልሻል።»

ስሜነህ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ፤ ልጁ ጨዋ ነው። እኔ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንኳን ትምህርቱ፣ ስለ ምን እንደምታወሪ እንኳ አልገባኝም። ታንጉት ፈተና የወደቀችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሽ መሆኗን፣ አንቺም ለእሷ ብለሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍበትን ቋንቋ ትምህርት በአማርኛ እየተረክሽ እንደቀዳሽው ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የምፈልገው ድምፅሽን ብቻ ነበር። አሥራ ዘጠኙን በሦስት ቀን ጨረስኳቸው። ሁለተኛው ላይ ታስነጥሻለሽ። አምስተኛው ላይ የሰው ዶሮ ይጮኻል፣ አንቺም «ዝም በል አንተ!» ትዪዋለሽ። ከዚያ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳዳምጥ ሦስተኛው ላይ እንዲህ ትያለሽ፦ «ሦስት፣ አሥራ አምስት፣ ሰባት፣ ሃያ የሚል ዝርዝር አለሽ። ከአሥር የሚበልጡትን ብቻ ምረጪ። የመረጥሻቸውን እያንዳንዳቸውን እጥፍ አድርጊ። ከዚያ ደምሪያቸው። እስቲ እኔ ከመናገሬ በፊት ራስሽ ሞክሪው።» ከዚያ ዝም አልሽ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ጠይቆ ዝም ሲል መቀመጥ አልችልም፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አመሌ ነው። በባዶ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ «ሰባ!» አልኩ።

«ሰባ። ጎበዝ!» አልሽኝ።

እሙዬ፣ ለታንጉት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪሽ ሆንኩ።

ስሜነህ ያንን ቋንቋ አያውቀውም ነበር፤ ግን አንቺ በቅጂው ላይ የምትነግሪውን ቁልፍ እየተከተለ ጥያቄ ሲጻፍለት የሚመልሰውን ፕሮግራም አስነሣልኝ። ታይፕ በአዳሪ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ ጣቴ የፊደሎቹን ቦታ አልረሳም። ሁለትና ሦስትን ደምርልኝ ብዬ ጻፍኩና የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ማሽኑ፣ ትናንት ከሱዳን የገባ ነጋዴ በሚናገረው አማርኛ፣ «አምስት» አለኝ።

አምስት እኮ እኔም አውቃለሁ። ግን ማንንም ሳልጠራ፣ «እባክህ ይህን እይልኝ» ሳልል፣ ጠየቅሁ፤ ተመለሰልኝ። ሌላ ጠየቅሁ፤ ተመለሰልኝ። ስሳሳትም «ስህተት» ይልና ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። አይስቅም፤ ደግሞ አያዝንልኝም። ሰው አጠገቤ ሲሆን ከሁሉ የሚከብደኝ ያ ማዘኑ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ አንድ መስመር ይመልሳል። ዓይን ያላቸው ሰዎች ሙሉ ገጽ በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ እኔ ሕይወቴን በሙሉ የኖርኩት በአንድ መስመር በአንድ መስመር ነው። ለእኔ የተሠራ መሰለኝ።

ቅንፉ ግን አስመረረኝ! ይህ ያንቺ ቋንቋ ሁሉን ነገር በቅንፍ ውስጥ ይከታል። ማሽኑም አንዱን አይዘልም፦ «ግራ ቅንፍ፣ ግራ ቅንፍ፣ ግራ ቅንፍ… ቀኝ ቅንፍ፣ ቀኝ ቅንፍ።» ላፕቶፑን ቤት ይዤው በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አሰበች ከግድግዳው ማዶ ጮኸች፦

«አየሁሽ! ቤትሽ ውስጥ መኪና የሚያቆም ረዳት አስገባሽ እንዴ? ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ጆሮዬን በጠሰው!»

«እየተማርኩ ነው!» አልኳት።

«መኪና መንዳት?»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ደግነቱ ዘጠነኛው ቅጂ ላይ መላውን ነገርሽኝ። ለካ መጻፊያው ራሱ ቅንፉን ይዘጋልሻል፤ አንድ ቁልፍ ስትነኪ ደግሞ በቅንፍ የታሰረውን ነገር በሙሉ ተሻግሮ ማዶው ላይ ያደርስሻል፤ ሌላውን ስትነኪ ተከፍቶ የቀረ ካለ የትኛው እንደሆነ ይነግርሻል። ግድግዳ ዳብሼ ከክፍል ወደ ክፍል እንደምሄደው ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ ረዳቱም ዝም አለ፣ አሰበችም ተኛች።

ሰባተኛው ቅጂ ላይ ያልሽው ነገር ደግሞ አለ። «ከዝርዝሩ ስትመርጪ ከአሮጌው ላይ ምንም አትቀንሺም፤ አዲስ ዝርዝር ነው የሚሰጥሽ። አሮጌው በነበረበት እንደነበረ ነው። ማንም ከኋላሽ መጥቶ አይነካውም» አልሽ። አንቺ ነገሩን ቀለል አድርገሽ አለፍሽው። እኔ ግን ማሽኑን አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። ቅልጥሜ ስንት ጊዜ በበርጩማ እንደተመታ አንቺ ነሽ የምትመሰክሪው። ሰው ሊጠርግ ይገባና፣ ለደግ ብሎ፣ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። እኔ ባስቀመጥኩበት አይገኝም። እንግዲህ ያስቀመጡት ነገር በቦታው የሚቆይበት አገር እንዳለ፣ እዚያም ልጄ ቀድማኝ እንደኖረች ያን ቀን አወቅሁ። የፕሮግራም ሥራሽን የወደድሽው ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ቤት ስላደግሽ ነው።

አሁን ሥራ ላይ ወደዋለው ልምጣ።

በግንቦት አያ እንግዳው ወደ ቢሮ መጡ። ከደለሎ ወዲህ የሚያርሱት፣ ድምፃቸው እንደ ጉድጓድ ውሃ የሚያስተጋባው ሽማግሌ ናቸው። የሰብል ባለሙያዎቹን ፈልገው ነበር። «ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስለው የኖርኩት ነው።

«እንግዲያስ አንቺኑ ልጠይቅ» አሉና ተቀመጡ። «ሰኔ ሲገባ የሚጥለው ዝናብ እውነተኛ ነው ወይስ አታላይ? አምና አምኜው ዘራሁ። ሰሊጡ ብቅ አለና ዝናቡ ተለየን። ቡቃያው እንደ ሕፃን ፀጉር ወጥቶ ነደደ። ዘንድሮ ልጠብቅ ወይስ ልዝራ?»

ሊያጫውቱኝ ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን ስሜነህ የአሥራ አራት ዓመት የዝናብ መዝገብ ከአሮጌ ደብተር እየገለበጠ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስገባ አስታወስኩ። ለአንድ ሪፖርት ተፈልጎ ነበር፤ ከዚያ ማንም አላየውም። «አያ፣ ሦስት ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

ስሜነህ መዝገቡን በፍላሽ ሰጠኝ። ከዚያ እንደ አስተማርሽኝ ጥያቄውን በታተንኩት። «ይህ ቀን ጥሩ ዘንቧል ወይ?» የምትል ትንሽ ፈንክሽን ሠራሁ። አንቺ ፈንክሽን እንደ ወፍጮ ነው፣ ያንኑ እህል ካስገባሽ ያንኑ ዱቄት ታገኛለሽ ትዪ የለ? እኔም አንዷን ወፍጮ እየሠራሁ፣ በሦስት በአራት ቀን የፈጠራ ዝናብ እየሞከርኳት፣ ትክክል ስትመልስልኝ ወደ ሌላዋ እሄድ ነበር። «ከዚህ ቀን በኋላ አሥር ቀን ደረቅ ነው ወይ?» የምትለዋ አንድ ሳምንት ፈጀችብኝ። በመጨረሻ ሁሉንም አያያዝኳቸውና አሥራ አራቱን ዓመት አፈሰስኩባቸው። መልሱ መጣ፦ በዘጠኝ ዓመታት ከሰኔ አሥር በፊት ጥሩ ዝናብ ጥሏል፤ ከዘጠኙ በሰባቱ ተከትሎ ድርቅ ሆኗል።

ወዲያው ለአያ እንግዳው ደወልኩ። እሳቸውም በማኅበራቸው ላይ ለሰው ሁሉ ተናገሩ፦ «ሰባት ከዘጠኝ!» እያሉ። እኔም ኩራቴ አልቻለኝም፤ ስሄድ ምርኩዜ እንኳ መሬቱን ሲመታ ሌላ ድምፅ ነበረው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እንዲሁ ለመጫወት፣ ምንም ያልተጻፈበት ቀን ያለው ዝርዝር ሰጠሁት። «ደረቅ» አለኝ። ለካ ጸሐፊው ሳይመዘግብ ያለፈውን ባዶ ቀን ሁሉ፣ እንዳልዘነበ ቆጥሬው ኖሯል። አስተካክዬ ስጠይቀው ከሰባቱ የሁለቱ ዓመት መዝገብ በዚያ ሰሞን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዘነበ፣ አልዘነበ፣ የሚያውቅ የለም። እውነቱ አምስት ከሰባት ነው።

ስሜነህ «እትዬ፣ ውጤቱ እኮ ያው ነው፤ ያም ጠብቁ ነው የሚለው። ማን ያውቃል? ቢተዉትስ?» አለኝ።

«አንድ አይደለም» አልኩት። «አልዘነበም ማለትና አላውቅም ማለት አንድ አይደሉም። ሰው ይህን አምኖ መሬቱን ሳይዘራ ሊያቆይ ነው።»

ደወልኩ። «አያ፣ ተሳስቼ ነግሬዎታለሁ። ሁለቱን ዓመት ሳላውቀው ነው የቆጠርኩት። ለሰውም ይንገሩልኝ፤ ስሜንም ይጥሩ» አልኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ያ የጉድጓድ ሳቃቸው መጣ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፤ «በዚህ ቆላ አርባ ዓመት ስኖር ስለ ዝናብ ብዙ ሰው ነግሮኛል። ተሳስቼ ነበር ብሎ የደወለልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በይ እንግዲህ፣ አሁን አምኜሻለሁ።»

ሰኔ አራት ቀን ዘነበ። ጣሪያው እየተንጫጫ ሁለት ቀን ሙሉ ወረደ፤ ከተማው በትራክተር ድምፅ ተሞላ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ትራክተር እቆጥራለሁ። ቢቀጥልስ? በሁለቱ ዓመት ቀጥሏል እኮ! ጠብቁ ያልኳቸው ሰዎች ቢከስሩስ? አያ እንግዳው ሩቡን ብቻ ዘሩ፣ የቀረውን አቆዩ፤ ብዙዎቹ ማኅበርተኞቻቸውም እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። አንድ ቀን፣ አምስት ቀን፣ አሥራ ሦስት ቀን። የተዘራው ነደደ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ስለ ነደደው አዘንኩ፤ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። በሃያ ሲዘንብ እውነተኛው ዝናብ ነበር፤ ያቆዩት ሁሉ ዘሩ።

በጥቅምት አያ እንግዳው ቢሮ ገቡና ሳይናገሩ እጄን ዘርግተው አዲስ ሰሊጥ አፈሰሱበት። በጣቶቼ መካከል ሾልኮ ወለሉ ላይ ሲበተን ስሜነህ «ጉድ ፈላ፣ ሊጠረግ ነው» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ብቻቸውንም አልመጡም። ስድስት ገበሬዎች ተከትለዋቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ጥያቄ ይዘዋል። አንዱ ስለ ማሽላ፣ አንዱ ጥቅምት ላይ ነዶ ስለሚያበሰብሰው ዝናብ። ኃላፊያችን ከውስጥ ወጥቶ «ማን ነው የሚያስተናግዳችሁ?» ሲል አያ እንግዳው «እኛ የመጣነው ወደ አየሁሽ ነው» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ የሥራ ሞባይል ተቀምጧል። ቁጥሩን በቤተ ክርስቲያን ደጅም በገበያም ተባብለውታል፤ ከመተማ ዮሐንስም ከአብደራፊም ይደውላሉ። «ሄሎ፣ አየሁሽ ነኝ፣ ምን ልጠይቅልዎት?» እላለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። በመዝገቡ ያለውን ማሽኑን እጠይቃለሁ፣ ይመልስልኛል፣ እመልስላቸዋለሁ። በደጄ የሚያልፍ ሰው ጫማውን ማቅለሉን ትቷል። ስሜነህ ራሱ አሁን ምሳ ሰዓት እየመጣ ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሯል፤ አራተኛው ላይ ደርሷል፤ ሲሳሳት «ጎበዝ፣ እንደ ገና» እለዋለሁ።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው፤ ስልኩ ፋታ አልሰጠኝም። በዚህ ጊዜ እውነት ነው።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ድምፅሽን ስሰማ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። አባትሽ ሱዳን ከተሻገረ በኋላ ከገዳሪፍ የመጣ ሹፌር ደብዳቤውን አመጣልን። በር ላይ ተቀምጠሽ አነበብሽልኝ። «የተከበርሽ ባለቤቴ፣ ደህና ነኝ፣ ሰሊጥ ሲሰበሰብ እመጣለሁ፣ ልጄን ሳሚልኝ» አልሽኝ። አባትሽ፣ ደረበ፣ በሕይወቱ «የተከበርሽ» ብሎኝ አያውቅም። ወረቀቱን ስቀበልሽ ሁለት ቅጠል ነበር፤ እስክሪብቶ ሲይዝ ስለሚጫን ጽሑፉ ከጀርባ በኩል ለጣቴ ይቆጠራል፤ ሁለቱም ቅጠል በሁለቱም ገጽ ሞልቷል። አንቺ ያነበብሽው አንድ እንቁላል እስኪበስል እንኳ አይበቃም። ደግሞ ሁልጊዜ እየሮጥሽ የምታነቢው ልጅ ያን ቀን ቃል እየፈለግሽ ነበር።

ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እንደማይመለስ። ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለማንም አላስነበብኩትም፤ አሁንም አላስነብበውም። አንቺ ካነበብሽልኝ የተሻለ ደብዳቤ ስላልሆነ ነው።

አንቺን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነሽ አገኘሁሽ። በእኔና በዓለም መካከል ተቀመጥሽ። ክፉ ነገር ሲመጣ ቀድመሽ ትሰሚውና አለስልሰሽ ታቀብዪኛለሽ። ልጅ ነሽ ብዬ፣ ደግሞ ስለተመቸኝም፣ ዝም አልኩ። ያጠፋሁት ያኔ ነው። «አውቄያለሁ፣ ነይ አብረን እናልቅስ» ብልሽ ኖሮ ያን ሸክም አሥራ ስድስት ዓመት ባልተሸከምሽው። አሁን የምትመለሺውም ለዚያው ነው፤ ደግሞ በበሩ ላይ ተቀምጠሽ ልታነቢልኝ። እሙዬ፣ ማንበቡን እኔ ይዤዋለሁ። አንቺ አውርጂው። እኔም ስለ ማዞሪያው ሁለት ዓመት ስለዋሸሁሽ ተካክለናል፤ ማናችንም ቀሪ የለብንም።

ስለዚህ ሥራሽን ለቅቀሽ አትምጪ። እኔ ምድጃ ዳር የተረሳሁ ማሰሮ አይደለሁም። ይህን አምርሬ ነው የምልሽ።

ደብዳቤውን ማሽኑ ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል፤ በዚያ በነጋዴ አማርኛው ሲያነበው ራሴም አንድ ሁለት ቦታ ሳቅሁ። መላኪያውን ቁልፍ ራሴ እጫናለሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ የኅዳር ሚካኤል ነው፤ ስምሽን ይዤ እገባለሁ። ወጥተሽ በምትገቢበት ሁሉ ክንፉን ይዘርጋልሽ። እጅሽ የነካው ይቅና፤ የጠየቅሽው ሁሉ መልስ አይጣ። በሰው አገር ሰው አይጥፋብሽ። አሜን።

ሌላ እንኳ ወሬ የለኝም። ክፍልሽ ኖራ ተቀብቷል። የመስኮቱን የወባ መከላከያ ወንፊት በአዲስ አስለውጫለሁ፤ አሮጌው ተበሳስቶ ነበር። ፍራሹም አዲስ ነው፤ እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው። አሰበች አንዲት ፍየል ገዝታ እያደለበች ነው፤ ለምን ብላት ዝም አለችኝ፤ ዝም የማለት ልማድ እንደሌላት ታውቂያለሽ። ከጎንደር የሚነሣው አውቶብስ ደግሞ ከቀትር በኋላ ይገባል፤ መናኸሪያው እስካሁን የነበረበት ነው።

እዚያም አገር የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ
አየሁሽ ዘሩ